ከዌምብሌይ እስከ ፓሌርሞ፦ ስለ ጣሊያን ተከላካይ መስመር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2022 በሲሲሊ ደሴት በምትገኘው የፓሌርሞ ከተማ፣ በሬንዞ ባርቤራ ስታዲየም፣ የአውሮፓ ሻምፒዮኗ ጣሊያን በሰሜን መቄዶንያ 1 ለ 0 ተሸንፋ ከኳታሩ የዓለም ዋንጫ ውጭ ሆነች። ጨዋታው የጥሎ ማለፍ ማጣሪያው ግማሽ ፍጻሜ ሲሆን መልስ የሌለው ነበር፤ ብቸኛዋ ጎልም የተቆጠረችው መደበኛው ሰዓት አልቆ በባከነው ሰዓት፣ በ92ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ከዚያ ምሽት ወዲህ ስለ ጣሊያን ተከላካዮች ብዙ ተብሏል፤ ከተባለው ውስጥ ግን ሜዳ ላይ ከታየው ጋር የማይገጥመው ጥቂት አይደለም። በእኔ እምነት ሽንፈቱን ለመረዳት የኋላ መስመሩን ብቻ ከመመርመር ይልቅ ከፊቱ የነበረውን ማየት ይሻላል።

«የተከላካይ መስመሩ ፈራርሶ ነበር»

ይህ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው አስተያየት ነው፤ ከእውነቱ የራቀውም እሱው ነው። ሰሜን መቄዶንያ በጨዋታው በሙሉ ወደ ጎል የሞከረችው አራት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ጣሊያን 32 ጊዜ ሞክራለች። ጣሊያን በምድቧ ባደረገቻቸው ስምንት የማጣሪያ ጨዋታዎች አንድም ጊዜ አልተሸነፈችም፤ የተቆጠሩባትም ሁለት ጎሎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱን ያገባችው ቡልጋሪያ፣ ሌላውን ደግሞ ስዊዘርላንድ ናት። የፓሌርሞዋ ጎል ሲጨመር በዘጠኝ ጨዋታ ሦስት ጎል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ይዞ ከዓለም ዋንጫ መቅረት የሚያስገርም ቢሆንም፣ ቁጥሩ ራሱ የፈራረሰ መስመር ቁጥር አይደለም።

ከዚህም በላይ የሚያነጋግረው ከስምንት ወራት በፊት የሆነው ነው። ጣሊያን በአውሮፓ ዋንጫው የምድብ ጨዋታዎች አንድም ጎል ሳይቆጠርባት ካለፈች በኋላ፣ በአራቱም የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች፣ ማለትም በኦስትሪያ፣ በቤልጂየም፣ በስፔን እና በእንግሊዝ፣ በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጎል ተቆጥሮባታል። ኦስትሪያን በተጨማሪ ሰዓት፣ ቤልጂየምን በመደበኛው ሰዓት 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ስፔንን እና እንግሊዝን ደግሞ አንድ ለአንድ ከተለያየች በኋላ በመለያ ምት አለፈች። ፓሌርሞ ላይም የተቆጠረባት አንድ ጎል ነው። በለንደን፣ በዌምብሌይ ስታዲየም ዋንጫ ያስነሣው የመከላከል ውጤት በሲሲሊ ከውድድር አስወጣ፤ ልዩነቱ ከፊት ለፊት የተመዘገበው ዜሮ ነው።

«ዌምብሌይ ላይ ዋንጫ ያነሣው ያው መስመር ነበር»

አልነበረም። በፍጻሜው ከግብ ጠባቂው ጂያንሉጂ ዶናሩማ ፊት የቆሙት ዲ ሎሬንዞ፣ ቦኑቺ፣ ኬሊኒ እና ኤመርሰን ነበሩ። ፓሌርሞ ላይ ከእነዚህ አራት ተከላካዮች መካከል ጨዋታውን የጀመረው ኤመርሰን ብቻ ሲሆን፣ በሌሎቹ ቦታ ፍሎሬንዚ፣ ጂያንሉካ ማንቺኒ እና ባስቶኒ ተሰለፉ። ኬሊኒ የገባው በ89ኛው ደቂቃ አካባቢ፣ ማንቺኒን ተክቶ ነው። በአንጻሩ የመሃል ሜዳው ሦስቱም ተጫዋቾች፣ ማለትም ጆርጂኒዮ፣ ቬራቲ እና ባሬላ፣ እንዲሁም ከፊት ኢሞቢሌ እና ኢንሲኜ የዌምብሌዩ አሰላለፍ ነበሩ። እንግዲህ የተቀየረው ኋላ ሆኖ ጎል ሳያገባ የቀረው ያልተቀየረው ፊት መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ ቦኑቺ እና ኬሊኒ ከመጀመሪያው ቢሰለፉ ኖሮ ውጤቱ ይገለበጥ ነበር ለማለት ይከብደዋል። ማንቺኒ እና ባስቶኒ ለ90 ደቂቃ ያህል የሚፈትናቸው እንኳ ብዙ አላገኙም።

«ጎሏ የዶናሩማ ስህተት ናት፤ ካልሆነም ዕድል ናት»

ጎሏን ደግሞ ላየ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከሰሜን መቄዶንያ የኋላ ክፍል ረጅም ኳስ ተመታ፤ ኳሷ የአየር ላይ ፍልሚያ ተደርጎባት ወደ አሌክሳንደር ትራይኮቭስኪ ደረሰች፤ እሱም ተቆጣጥሮ፣ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ውጭ ሆኖ፣ መሬት ለመሬት ወደ ግቡ ማዕዘን መታት። ዶናሩማ ተወርውሮ አልደረሰባትም። ከዚያ ርቀት የተቆጠረ ጎል ሁልጊዜ በግብ ጠባቂው ላይ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ጥያቄው ሁለት ሰከንድ ወደኋላ ቢመለስ ይሻላል። የአየር ላይ ኳስ ከተነካች በኋላ የምትወድቅበት ቦታ፣ ማለትም ከመሃል ተከላካዮቹ ፊት ያለው ክፍት ሜዳ፣ የአማካዮች ነው። በዚያች ቅጽበት ትራይኮቭስኪ ኳሷን አብርዶ ለመምታት የሚበቃ ጊዜ እና ቦታ አግኝቷል፤ መስመር ጠብቆ የሚያፈገፍግ ተከላካይ ደግሞ ወጥቶ ቢገጥመው ከኋላው በር ይከፍታል፣ ካልወጣም ለምት ያጋልጣል።

ይህ ክፍተት ድንገት የተፈጠረ አይመስለኝም። ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲያጠቃ የቆየ ቡድን ሰዓቱ ባለቀ ቁጥር ወደፊት ይሳባል፤ በአማካዮቹ እና በተከላካዮቹ መስመሮች መካከል ያለውም ርቀት እየሰፋ ይሄዳል። አሰልጣኝ ሮቤርቶ ማንቺኒ በዚያችው በ89ኛው ደቂቃ አካባቢ አጥቂውን ቤራርዲን አስወጥተው ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰልፎ የማያውቀውን አጥቂ ጆአዎ ፔድሮን ማስገባታቸው፣ ቡድኑ ጨዋታውን በመደበኛው ሰዓት ለመጨረስ ምን ያህል እንደቸኮለ ያሳያል። ሠላሳ ደቂቃ ተጨማሪ ሰዓት ግን ከፊት ነበረ። ኳሱን በበላይነት የያዘው፣ በሜዳው የሚጫወተው እና የተሻሉ ተቀያሪዎች የነበሩት ቡድን ተጨማሪ ሰዓቱን የሚፈራበት ምክንያት አልነበረውም። ስለዚህ ጎሏን ዕድል ብሎ ማለፍ ቡድኑ ከፊትና ከኋላ የነበረውን አደረጃጀት ከጥያቄ ነጻ ማውጣት ይሆናል።

«ሰሜን መቄዶንያ አውቶቡስ አቁማ በአጋጣሚ አለፈች»

ተጋባዧ ቡድን ወደኋላ ተሰብስባ መጫወቷ እውነት ነው፤ ጥበብ አልባ ነበረች ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህች አገር ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጀርመንን በዱይስበርግ 2 ለ 1 አሸንፋ፣ በምድቧም ሮማንያን በልጣ ሁለተኛ ሆና የመጣች ናት። የናፖሊው ኤልየፍ ኤልማስ በቅጣት ሳይሰለፍ፣ በአሰልጣኝ ብላጎያ ሚሌቭስኪ የሚመራው ቡድን የመሃሉን መንገድ ዘግቶ ጣሊያኖችን ከሩቅ እና ከማይመች ማዕዘን እንዲመቱ አስገደዳቸው፤ ከ32ቱ ሙከራዎች ኢላማቸውን የጠበቁት ጥቂቶች መሆናቸው የዚሁ ውጤት ነው። ትራይኮቭስኪም ለፓሌርሞ ክለብ ለዓመታት የተጫወተ በመሆኑ ያንን ሜዳ ከአብዛኞቹ ጣሊያኖች በተሻለ ያውቀዋል።

በአጋጣሚ ከተነጋገርን፣ ትልቁ አጋጣሚ የደረሰው ለጣሊያን ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ ግብ ጠባቂው ስቶሌ ዲሚትሪየቭስኪ በተሳሳተ ቅብብል ኳሷን ለቤራርዲ ሰጠው፤ ግቡ ባዶ ነበር፤ ቤራርዲ የላካት ኳስ ግን ደካማ በመሆኗ ግብ ጠባቂው ተመልሶ ደረሰባት።

«አጥቂ ጨዋታ ያሸንፋል፣ ተከላካይ ግን ዋንጫ ያስገኛል»

ይህ አባባል በኳስ ወዳጆች ዘንድ እንደ ሕግ ይጠቀሳል፤ ከእሱም ተነሥተው ጣሊያን ወደ ጥንቱ ካቴናቾ፣ ማለትም መከላከልን ወደሚያስቀድመው የጣሊያን አጨዋወት፣ ብትመለስ ኖሮ አትወድቅም ነበር የሚሉ አሉ። ለዚህ መልሱ ከፓሌርሞ አራት ዓመት ተኩል ያህል ቀድሞ የተሰጠ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2017 ጣሊያን ለሩስያው የዓለም ዋንጫ በደርሶ መልስ ማጣሪያ ስዊድንን ስትገጥም፣ ከግብ ጠባቂው ጂያንሉጂ ቡፎን ፊት ባርዛሊ፣ ቦኑቺ እና ኬሊኒ ነበሩ። በዚያ ዘመን ከዚህ የሚበልጥ የኋላ ክፍል ጥራ ቢባል ብዙ ሰው ዝም ይል ነበር።

በስዊድኗ ሶልና በኖቬምበር 10 በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ የስዊድኑ ያኮብ ዮሐንሰን የመታት ኳስ የጣሊያኑን አማካይ ዳንኤሌ ዴ ሮሲን ነክታ አቅጣጫዋን በመቀየር መረብ ውስጥ ገባች። ከሦስት ቀን በኋላ ሚላን በሚገኘው ሳን ሲሮ ጣሊያን ስታጠቃ አምሽታ ያለ ጎል ተለያየች። ቡፎን በእንባ ከብሔራዊ ቡድኑ ሲሰናበት፣ አገሪቱም ከ1958 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓለም ዋንጫ ቀረች። በዚያው ምሽት ካሜራ የያዘው አንድ ትዕይንት ብዙ ይናገራል፦ ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቶ እንዲያሟሙቅ የታዘዘው ዴ ሮሲ፣ ማሸነፍ እንጂ አቻ እንደማያስፈልጋቸው በቁጣ እየተናገረ አጠገቡ ወደተቀመጠው አጥቂ ወደ ኢንሲኜ ይጠቁም ነበር። ኢንሲኜ ጨዋታው እስኪያልቅ አልገባም። የአሰልጣኝ ጂያን ፒዬሮ ቬንቱራ ውሳኔ እስካሁን ለእኔ ግልጽ አይደለም።

ሁለቱን ማጣሪያዎች አንድ ላይ ብንወስዳቸው፣ ጣሊያን በሦስት ጨዋታዎች ሁለት ጎል ብቻ ተቆጥሮባት፣ አንድም ሳታገባ፣ ሁለት የዓለም ዋንጫዎች አምልጠዋታል። ተከላካዮቹ አርጅተውም ሆነ ታድሰው፣ ሦስትም ሆነው አራት፣ ውጤቱ አልተለየም። ጎል የማያገባ ቡድን ተከላካይ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ አንዲት ስህተት እንዳይሠራ ይጠበቅበታል፤ ይህን የሚችል ተከላካይ ደግሞ የለም። አባባሉ እውነት የሚሆነው በ38 ጨዋታ በሚመዘን ሊግ ነው፤ አንድ ኳስ በሚወስንበት የጥሎ ማለፍ ምሽት ግን አይሠራም።

«ጣሊያን የወደቀችው በዚያች አንድ ምሽት ነው»

ወደ ፓሌርሞ ያመጣት መንገድም መታየት አለበት። በምድቧ ስዊዘርላንድ 18 ነጥብ፣ ጣሊያን 16 ነጥብ ይዘው ጨረሱ፤ ስምንቱ ጨዋታዎቿም አራት ድል እና አራት አቻ ነበሩ። ጆርጂኒዮ በባዝል እና በሮም ስዊዘርላንድን ሲገጥሙ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች አምልጠውታል፤ የሮሙ የመጣው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ለአንድ እንዳሉ ነው። ሌላው ውጤት ባለበት ቢቆይ፣ ከሁለቱ አንዷ ብትገባ ጣሊያን በ18 ነጥብ አንደኛ፣ ስዊዘርላንድ በ17 ሁለተኛ ትሆን ነበር፤ ትራይኮቭስኪም ያቺን ኳስ የሚመታበት ጨዋታ አይኖርም ነበር።

«ጎል አግቢ ስላልነበራት ነው»

እስካሁን ያልኩት ወደዚህ መደምደሚያ የሚወስድ ሊመስል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ይህም ጎደሎ ነው። ቺሮ ኢሞቢሌ በ2019/20 በጣሊያን ከፍተኛው ሊግ በሴሪ አ በአንድ ውድድር ዘመን 36 ጎል ያስቆጠረ፣ በ2021/22ም የሊጉን የጎል አግቢነት ክብር የወሰደ ነው። በክለቡ በላዚዮ ያገባ የነበረው ግን በብዛት ከተከላካዮች ጀርባ ባለ ክፍት ሜዳ እየሮጠ ነበር፤ ፓሌርሞ ላይ ከሰሜን መቄዶንያ ተከላካዮች ጀርባ እንዲህ ያለ ሜዳ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ግድግዳ አንድ ለአንድ እያለፉ የሚሰብሩት ሁለቱ ተጫዋቾች፣ ፌዴሪኮ ኪየዛ በጉልበቱ ጉዳት፣ ሊዮናርዶ ስፒናዞላ ደግሞ በአውሮፓ ዋንጫው ከቤልጂየም ጋር በተጫወቱበት ቀን በተቆረጠ የተረከዝ ጅማቱ ምክንያት ሁለቱም አልነበሩም። ከአምስት ቀን በኋላ ጣሊያን ምንም በማያስገኘው ጨዋታ ቱርክን ኮንያ ላይ ስትገጥም፣ ተጋጣሚዋ ወጥታ ስለተጫወተች፣ ሁለት ጎል ተቆጥሮባትም ሦስት አግብታ አሸነፈች።