ቤንድ ከርቭ ምንድን ነው? የአንዱ ብራንድ ሸራ ከሌላው ምሰሶ ጋር የሚስማማው መቼ ነው?

የዊንድሰርፊንግ፣ ማለትም ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ በንፋስ ኃይል ውሃ ላይ የመንሸራተት ስፖርት፣ ዕቃ ውድ ነው። ብዙ ሰው ሸራውን ከአንዱ፣ ምሰሶውን ከሌላው ያገለገለ እየገዛ ያሟላል። ሻጩም «ሸራው 430 ይላል፣ ምሰሶውም 430 ነው፣ በቃ ይሆንልሃል» ይላል። ቁመቱ ልክ ነው። ዋናው ነገር ግን ምሰሶው ሲወጠር የሚጎብጥበት መንገድ ነው። ቤንድ ከርቭ የሚባለው ይኸው ነው።

የሸራው የፊት ጠርዝ ቀጥ ተደርጎ አይቆረጥም። ቀስት እየሠራ ነው የሚሰፋው። ከታች ዳውንሆል የሚባለው ገመድ በኃይል ሲሳብ ምሰሶው ይጎብጥና ያንን ቀስት ይከተላል። ሸራ ሠሪው ቀስቱን ሲያወጣ በልቡ አንድ የታወቀ ምሰሶ ይዞ ነው።

ልኬቱ ቀላል ነው። ምሰሶውን በሁለቱ ጫፎቹ አስደግፈው መሃሉ ላይ 30 ኪሎ ያንጠለጥላሉ። ቁመቱ በሴንቲሜትር መሃሉ ለወረደበት መጠን ሲካፈል አይኤምሲኤስ የተባለው የግትርነት ቁጥር ይገኛል። 460 ሴንቲሜትር ምሰሶ 18.4 ቢወርድ ቁጥሩ 25 ነው። ለ430 የተለመደው 21፣ ለ400 ደግሞ 19 ነው። በዚህ ላይ ብራንዶቹ ብዙ አይለያዩም።

የሚለያዩት ቀጥሎ ባለው ነው። ከታች ሩቡ ላይና ከላይ ሩቡ ላይ ምን ያህል እንደወረደ ይታይና ከመሃሉ አንጻር በመቶኛ ይሰላል። ታቹ 64፣ ላዩ 76 ከሆነ ልዩነቱ 12 ነው። ይህ ኮንስታንት ከርቭ ይባላል። ልዩነቱ ከዚህ በደንብ ካነሰ ጫፉ ግትር ነው፤ ሃርድ ቶፕ ነው። በደንብ ከበለጠ ጫፉ ለስላሳ ነው፤ ፍሌክስ ቶፕ ይሉታል። ከብራንዶቹ ኒልፕራይድ ለብዙ ዓመት ወደ ፍሌክስ ቶፕ ያደላ ነበር። ማዊ ሴይልስ ሃርድ ቶፕ ነው። ሰቨርን ኮንስታንት ነው። የዚያን ዘመን የኒልፕራይድ ሸራ በማዊ ሴይልስ ምሰሶ ላይ ማሰር እንግዲህ ሁለቱን ዳር ማጋባት ነው።

ሲሳሳቱ ምን ይሆናል? ለስላሳ ጫፍ ለሚፈልግ ሸራ ግትር ጫፍ ሲሰጡት የኋላ ጠርዙ ላይኛው ክፍል አይላላም። ንፋስ በድንገት ሲጠነክር ሸራው ትርፉን አያስወጣውም፤ የኋላ እጅ ላይ ይከብዳል። በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ላዩ ቶሎ ይላላና ሸራው ጉልበት ያጣል። ጀማሪ ይህን ሁሉ የራሱ ድክመት ይመስለዋል። በጣም ያሳዝነኛል፤ ስፖርቱን እዚያው የሚተው አለና።

የካርቦን መቶኛ ሌላ ጉዳይ ነው። ካርቦን ሲበዛ ምሰሶው ይቀላል፣ ጎብጦም ቶሎ ይመለሳል። ስለ አጎባበጡ ግን አይናገርም። ውፍረትም እንዲሁ ለብቻው ይታያል፤ የቀጭኑ አርዲኤምና የወፍራሙ ኤስዲኤም የታች ማራዘሚያ አንድ አይደለም።

በኦሎምፒክ ይህ ጣጣ የለም። በፓሪስ 2024 ቶም ሩቬኒ ለእስራኤል ወርቅ ሲያመጣ፣ የተፎካካሪዎቹም ሸራና ምሰሶ ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት ነበር።

ለሌሎቻችን መነሻው ሸራው ላይ የታተመው ጽሑፍ ነው። ቁመቱን፣ አይኤምሲኤሱንና የሚመከረውን ምሰሶ አንብቡ። የያዛችሁት ምሰሶ የከርቭ ቁጥር ከሚመከረው በሁለት ሦስት ነጥብ ቢለይ ብዙ አትጨነቁ፤ በተለይ ትንሽ ሸራ ይቅር ባይ ነው። ሰፋፊና ካምበር (ምሰሶውን ተደግፎ የሸራውን ቅርጽ የሚይዝ ቁራጭ) ያላቸው የውድድር ሸራዎች ላይ ግን ብራንዱ ያለውን ምሰሶ ግዙ። ምሰሶ ከሁለት ቁራጭ ይገጣጠማል፤ የአንዱን ብራንድ ታችኛ ቁራጭ ከሌላው ላይኛ ቁራጭ ጋር ግን በጭራሽ አትቀጥሉ፤ መጋጠሚያው ላይ ሊሰበር ይችላል።