አራት ድንጋይ፣ አራት ቁጥር፦ የቻርጀር ቮልቴጅ መለያየት ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ጎረቤቴ አራት የባትሪ ድንጋይ የሚሞላ ባለ አራት ቤት ቻርጀራቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ደሴ ፒያሳ ትንሽ ሱቅ አላቸው። መብራት ሲጠፋ ሱቃቸውን የሚዘጉት ግንባራቸው ላይ በሚያስሯት ባትሪ ነው። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ። አራቱንም ድንጋይ ባንድ ቀን ነው የገዛኋቸው። ሦስተኛዋ ግን ሁሌ ቀድማ ሞላሁ ትላለች። ቀድማ የምትደክመውም እሷ ናት። ልጣላት?» አሉኝ።

ድንጋዮቹ ላይ ከ1 እስከ 4 ጽፈውባቸዋል። ሁልጊዜም በየቁጥራቸው ነው የሚያስገቧቸው። ቻርጀሩን ሰካሁትና ትንሽ ጠበቅሁ። ስክሪኑ 3.91፣ 3.92፣ 4.03፣ 3.91 ቮልት አለ። «አይጣሏት እማማ። መጀመሪያ ቦታ እናቀያይራቸው» አልኳቸው። ሦስተኛዋን ወደ አንደኛው ቤት፣ አንደኛዋን ወደ ሦስተኛው ቤት ወሰድኩ። ሦስተኛው ቤት አሁንም 4.03 አለ። ሦስተኛዋ ድንጋይ ደግሞ አዲሱ ቤቷ ውስጥ 3.90 ሆና አረፈች። ድንጋዩ ተቀይሯል፤ ከፍ ያለው ቁጥር ግን ከቤቱ አልተነሳም።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። እኛ ዘንድ «ባትሪ» ሲባል በእጅ የሚያዘው መብራትም ነው፣ ውስጡ የሚገባውም ነው። ስለዚህ እዚህ ውስጥ የሚገባውን እንደ ድሮው «ድንጋይ» እለዋለሁ። ቻርጀሩ ላይ ድንጋዩ የሚተኛበትን ቦታ ደግሞ «ቤት»።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ብዙ ሰው ስክሪኑ ላይ የሚያየው ቮልት የድንጋዩ እንደሆነ ያምናል። ግማሽ እውነት ነው። ቻርጀሩ የሚለካው በራሱ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ቮልት ነው። በእነዚያ ጫፎች መካከል ድንጋዩ አለ። ግን ብቻውን አይደለም። ስፕሪንጉ አለ፣ የሚንሸራተተው ብረት አለ፣ ብረቱና የድንጋዩ አናት የሚነካኩባት ትንሽ ነጥብ አለች። እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ከረንትን (የኤሌክትሪክ ፍሰትን) የመገታት ጠባይ፣ አላቸው። ከረንት ሲያልፍባቸው ደግሞ በሬዚስታንሱ ላይ ቮልት ይፈጠርና ከድንጋዩ ቮልት ጋር ይደመራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ጀርመናዊው ጆርጅ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ ነው፤ ከረንትን በሬዚስታንስ ስታበዛ ቮልት ታገኛለህ። የጎረቤቴ ቻርጀር ለእያንዳንዱ ቤት 1 አምፒር ይሰጣል። ሦስተኛው ቤት ከሌሎቹ በ0.12 ቮልት ያህል ከፍ ብሏል። ስለዚህ እዚያ ቤት ውስጥ 0.12 ኦም ያህል ትርፍ ሬዚስታንስ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህን ለማምጣት ስስ ቆሻሻ ወይም የላላ ስፕሪንግ ይበቃል። በዓይን ላይታይ ይችላል።

ሴትየዋ ያሉት ሁሉ የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። ድንጋዮቹ የሊቲየም ናቸው፤ 18650 የሚባሉት፣ ውፍረታቸው 18 ሚሊሜትር፣ ርዝመታቸው 65 ሚሊሜትር የሆኑት። እንዲህ ያለ ድንጋይ ሞላ የሚባለው 4.20 ቮልት ሲደርስ ነው። ጥሩ ቻርጀር መጀመሪያ ከረንቱን ሳይለውጥ ይሞላል። 4.20 ሲደርስ ቮልቱን እዚያው ይይዝና ከረንቱን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ከረንቱ ከመጀመሪያው አንድ አሥረኛ ገደማ ሲሆን ያቆማል። ርካሹ ግን 4.20ን ካየ በቂው ነው፤ አረንጓዴ ያበራል። ሦስተኛው ቤት 4.20 ሲያሳይ ድንጋዩ ውስጥ ያለው 4.08 ብቻ ነበር። ቀድሞ ሞላሁ ያለውም፣ ቀድሞ የደከመውም ለዚህ ነው። ድንጋዩ በየቀኑ ሳይጠግብ ነበር ከማዕድ የሚነሳው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ይህን ችግር ያመልጡታል። ከረንቱን በሁለት ሽቦ ይልካሉ፣ ቮልቱን ደግሞ በሌላ ሁለት ሽቦ ይለካሉ። የሚለካው ሽቦ ከረንት ስለማይሸከም ምንም አይደምርም። የኬልቪን አለካክ ይባላል። የእኛ ቻርጀሮች ግን አብዛኞቹ በየጫፉ አንድ ብረት ብቻ ነው ያላቸው። ያው ብረት ይሞላል፣ ያው ብረት ይለካል።

ቤቱ ራሱ ንጹህ ሆኖም ቁጥር ይለያያል። ይህኛው ምክንያት ሌላ ነው፤ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ሰኞ ገበያ ሄዶ እህል የገዛ ሰው ያውቀዋል። ያው አንድ ቁና ጤፍ ከሚዛን ሚዛን ይለያያል። ጤፉ አልተለወጠም። ቻርጀር ውስጥ ለእያንዳንዱ ቤት ቮልቱን ቀንሰው ወደ መለኪያው የሚያቀብሉ ሁለት ሬዚስተሮች፣ ከረንት የሚገቱ ትንንሽ ዕቃዎች፣ አሉ። እነዚህ ሬዚስተሮች ሲሠሩ 1 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። የ4.20 ቮልት 1 በመቶ 0.042 ነው። ስለዚህ ያው አንድ ድንጋይ አንዱ ቤት ውስጥ 4.17፣ ሌላው ቤት ውስጥ 4.21 ቢል ቻርጀሩ ተበላሽቷል አይባልም። በዋጋው ልክ ነው የተሠራው።

የሚያሳስበኝ ወደ ታች የሚያነብ ቤት ነው። ቆሻሻ ብረት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ድንጋዩ ሳይሞላ ይነሳል እንጂ አይጎዳም። ሚዛኑ ወደ ታች የተሳሳተ ቤት ግን በተቃራኒው ነው። ድንጋዩ 4.20 ደርሶ ሳለ ቻርጀሩ 4.10 ነው ብሎ ያስባል። ገና ነው ብሎ መሙላቱን ይቀጥላል። እንዲህ ያለ የሊቲየም ድንጋይ ከ4.20 እጅግም ማለፍ የለበትም፤ የተለመደው ፈቃድ 0.05 ቮልት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው። በተደጋጋሚ ከዚያ ካለፈ ዕድሜው ያጥራል። እጅግ ካለፈ ይግላል፣ ያብጣል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ከፍ ብሎ የሚያነበው ቤት ያናድዳል፤ ዝቅ ብሎ የሚያነበው ግን ያስፈራል። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጨነቁት በተቃራኒው መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሦስተኛ ምክንያትም አለ። አራቱ ቤቶች የኔጌቲቩን መስመር ይጋሩታል። ሐረጎን የወረደ ሰው ይገባዋል፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ መንገዱ አንድ ነው፤ ከፊት አንድ የጭነት መኪና ካዘገመ ኋላ ያለው ሁሉ ያዘግማል። ቻርጀሩም ውስጥ አራቱ ቤቶች አብረው ሲሞሉ በዚያ የጋራ መስመር ላይ 4 አምፒር ያልፋል። መስመሩ ቀጭን ከሆነ ከመለኪያው የራቀው ቤት ቁጥሩ ይዛባል። ማወቂያው ቀላል ነው። አንዱን ድንጋይ ብቻውን አስገባና ቁጥሩን ያዝ። ከዚያ ሦስቱን ጨምርና እንደገና እይ። ቁጥሩ ከተነሳ የጋራው መስመር ነው።

ድንጋዩ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ድንጋይ ሲያረጅ የውስጥ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ሲሞላ ቁጥሩ ቶሎ ይወጣል፤ ከቻርጀሩ ሲነሳ ደግሞ ቶሎ ይወርዳል። ብርድም ይህን ያባብሰዋል። ከጦሳ ተራራ ሥር ክረምት ጠዋት የቀዘቀዘ ድንጋይና ኮምቦልቻ ቀትር ላይ የሞቀ ድንጋይ ያው አንድ ሆነው ሳለ ሲሞሉ የሚያሳዩት ቁጥር ሊለያይ ይችላል። ድሮ የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ የነበረው በዚሁ ምክንያት ይሠራ ነበር፤ ሙቀቱ የውስጥ ሬዚስታንሱን ይቀንሰዋል፣ ሬዲዮዋም ለጥቂት ጊዜ ትናገራለች። አደራ፣ የሊቲየም ድንጋይ ግን ፀሐይ ላይ አይሰጣም።

ፎቶ አንሺዎች የሚጠቀሙባቸው ትንንሾቹ ድንጋዮች፣ የኒኬል የሚባሉት፣ ሌላ ጠባይ አላቸው። ሳጥናቸው ላይ 1.2 ቮልት ይላል፤ ሲሞሉ ግን 1.4 አልፈው ወደ 1.5 ይጠጋሉ። ይህ ጤናማ ነው። ሞልተው ሲያበቁ ቮልታቸው ጥቂት ሚሊቮልት ዝቅ ይላል። ብዙ ቻርጀር መሙላቱን የሚያቆመው ያቺን ቁልቁለት አይቶ ነው። ቁልቁለቷ 0.005 ቮልት ያህል ናት፤ ከነጥብ በኋላ ሁለት ዲጂት ብቻ የሚያሳይ ስክሪን ላይ አትታይም። እንግዲህ ብረቱ ላልቶ ቁጥሩ ቢንቀጠቀጥ ቻርጀሩ መንቀጥቀጡን እንደ ቁልቁለት ቆጥሮ ቀድሞ ያቆማል። ወይ ደግሞ እውነተኛዋን ቁልቁለት ያጣትና ድንጋዩ እስኪግል ይሞላል። የጥር ሠርግ ላይ አራት ድንጋይ የጎረሰ ፍላሽ መሐል ላይ ሲደክም፣ ከአራቱ አንዱ ብቻ በደንብ ያልሞላ ሊሆን ይችላል። አራቱ ተያይዘው ስለሚሠሩ ደካማው ሌሎቹን ይዟቸው ይወርዳል። ለሁለት ድንጋይ አንድ መብራት ብቻ ያላቸው ቻርጀሮች ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚሞሉት። የአንዱን ሁኔታ ለብቻው አያውቁትም። ለሥራ ባይያዙ እመርጣለሁ።

መብራት ሄዶ ሲመጣም ልብ በሉ። ብዙ ቻርጀር የት እንደደረሰ አያስታውስም፤ ከዜሮ ይጀምራል። ሊቲየም ከሆነ ቮልቱን አይቶ ቶሎ ያቆማል። የኒኬል ድንጋይ ከሆነ ግን የሞላውን እንደገና መሙላት ይጀምራል። እጅህን ብታሳርፍበት ይሞቃል። ያኔ ማውጣት ነው።

እንግዲህ ማን እንደሚዋሽ እንዴት ይታወቃል? እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። አንድ ጥሩ ድንጋይ እመርጣለሁ። ከሞላሁት በኋላ አውጥቼ አንድ ሰዓት ያህል አሳርፈዋለሁ። ከቻርጀር እንደወጣ ያለው ቁጥር ገና አልረጋም፤ 4.20 የነበረው ወደ 4.17 ቢወርድ ጤና ነው። ከዚያ በቴስተር (በእጅ በሚያዝ የቮልት መለኪያ)፣ መምረጫውን 20 ቮልት ላይ አድርጌ፣ እለካዋለሁ፤ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ያንኑ ድንጋይ በአራቱም ቤት ተራ በተራ አስገብቼ መጀመሪያ ብቅ የሚለውን ቁጥር እይዛለሁ። ቁጥሩ ድንጋዩን ተከትሎ ከሄደ የድንጋዩ ነው። አንዱ ቤት ላይ ከቀረ የቤቱ ነው። ጥያቄው በቃ ይኸው ነው።

ቴስተሩም ፍጹም አይደለም። ብዙ ርካሽ ቴስተር 0.5 በመቶ ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ በ4.20 ላይ 0.02 ቮልት ማለት ነው። የራሱ ባለ 9 ቮልት ድንጋይ ሲደክም ደግሞ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያነባል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የአንድ መቶኛ ወይም የሁለት መቶኛ ልዩነት አይታችሁ እንቅልፍ አትጡ። አምስት መቶኛ ከሆነ ፈልጉ። ሞልቶ የወጣ የሊቲየም ድንጋይ በቴስተር ከ4.25 በላይ ካነበበ ግን ያንን ቤት በፕላስተር ሸፍኑትና ዳግመኛ አትጠቀሙበት።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ቻርጀሩን ከሶኬት ነቀልኩት። ሦስተኛው ቤት ውስጥ ያለውን ብረት በደብተር ላጲስ በቀስታ አሸሁት። ቀጥሎ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አልኮል ነክሬ ጠረግሁት። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ወጣ። የድንጋዮቹንም ጫፍ እንዲሁ። እስኪደርቅ ቡና ጠጣን። መልሼ ስሰካው ሦስተኛው ቤት 3.94 አለ፤ ሌሎቹ 3.93። ሦስተኛዋን ድንጋይ እዚያው ቤቷ መለስኳት። በማግስቱ ጠዋት ቴስተር ይዤ ሱቃቸው ሄድኩ። አራቱም ሞልተው አድረዋል። ሦስተኛዋ 4.17 ነበረች።