የጀርመን ቻንሰንካርተ ምንድን ነው?

ቻንሰንካርተ («የዕድል ካርድ») ጀርመን እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2024 ጀምሮ የምትሰጠው የሥራ መፈለጊያ ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1969 የተወለደው ብዙ ሕዝቧ ጡረታ እየወጣ ነው፤ ከሥሩ የሚተካው ወጣት ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ገና አሠሪ ያላገኘ ባለሙያንም በነጥብ እየመዘነች እስከ አንድ ዓመት ታስገባለች። ድሬዳዋ ላይ «ሥራው ያለቀ ነው» እያለ በዚህ ካርድ ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣ ውሸቱን ነው፤ ሥራውን ፈላጊው ራሱ እዚያው ሄዶ ነው የሚፈልገው።

ነጥብ ከመቆጠሩ በፊት ቢያንስ የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠና ወይም ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ከዚያም ጀርመንኛ ኤ1 ወይም እንግሊዝኛ ቢ2 (የቋንቋ ደረጃው ከጀማሪው ኤ1 ተነሥቶ በኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 እያለ ይጨምራል)። በልምድ ሠርቶ የሙያ ብቃት ፈተናውን (ሲኦሲ) ያለፈ ሰው ወረቀቱ ብቻውን አያስገባውም፣ የሚታየው ሥልጠናው ነው። የዲግሪ ባለቤት ደግሞ ዩኒቨርሲቲው አናቢን በተባለው የጀርመን መዝገብ «ኤች ፕላስ» (ዕውቅና ያለው) መባሉን አስቀድሞ ይይ።

ማለፊያው 6 ነጥብ ነው። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የሚኖር የ30 ዓመት ኤሌክትሪሺያን እንውሰድ። ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ 5ቱን በተማረበት ሙያ ከሠራ 3፣ ዕድሜው 35 ስላላለፈ 2፣ ጀርመንኛ ኤ2 ካለው 1 ያገኛል፤ ሞላለት። ልምዱ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ 2 ዓመት ብቻ ከሆነ 2 ነጥብ ነው፣ ጉድለቱን በቢ1 ይሸፍናል። ቋንቋው በእጁ ያለ ነገር ስለሆነ ጊዜውን እዚያ ላይ ማዋሉ ያዋጣዋል።

ነርሶች ግን ይጠንቀቁ። ሙያው በሕግ የተገደበ ስለሆነ የሙያ ፈቃድ ሳይገኝ በነርስነት መሥራት አይቻልም፤ ለነርስ ለሙያ ማስረጃ ዕውቅና ማግኛ ተብሎ የሚሰጠው ሌላው ቪዛ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ገንዘቡ ነው። ለመኖሪያ የሚሆነው ገንዘብ በዝግ ሒሳብ፣ ማለትም በየወሩ የተወሰነው ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ መቀመጥ አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ተመኑ በወር 1,091 ዩሮ፣ ለዓመቱ 13,092 ዩሮ ነበር። ብሩ ቢሞላ እንኳ ዩሮውን ማግኘት ሌላ ፈተና ነው። ጀርመን ያለ ዘመድ ወጪውን እሸፍናለሁ ብሎ እዚያው የውጭ ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቀርቦ ከፈረመ ግን በዝግ ሒሳቡ ምትክ ይያዝለታል።

እዚያ ሲደርሱ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት፣ አንድ አሠሪ ዘንድም እስከ ሁለት ሳምንት በሙከራ መግባት ይፈቀዳል። የሙያ ሥራ የተገኘ እንደሆነ ፈቃዱ እዚያው ይቀየራል፤ ወደ አገር መመለስ አያስፈልግም።