«ብርድ ይመታሻል» ለምትሉኝ ሁሉ

ሐምሌ ሲገባ ምክሩም አብሮ ይገባል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጫማዬን አስሬ ከግቢ ስወጣ አከራዬ በመስኮት ብቅ ይላሉ። «ልጄ፣ ኧረ ዝናብ ነው! ብርድ ይመታሻል!» እሺ እማማ እልና እወጣለሁ። ስመለስ ዘበኛው ጋሼ ይደግሙልኛል። ከዚያ ሥራ እገባለሁ፤ ሥራዬ ደግሞ ፋርማሲ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የምሰማው «ብርድ መትቶኝ ነው፣ አሞክሳሲሊን ስጪኝ» ነው። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ባሕር ዳር ነው የምኖረው፣ ትራያትሎን እሠራለሁ። ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ፣ ሳያርፉ በተከታታይ። ማንም አይከፍለኝም፣ ለራሴ ነው። ክረምት ለኔ መሠረት የምጥልበት ጊዜ ነው፦ በሳምንት ሦስት ቀን ሩጫ፣ ሁለት ቀን ብስክሌት፣ ሁለት ቀን ገንዳ።

ትንንሾቹን ወሬዎች ቶሎ ቶሎ ልጨርሳቸው።

«ትራያትሎን ያ ሰው የሚገድለው ነገር አይደል?» አይረንማንን ማለታቸው ነው። 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ብስክሌት፣ በላዩ ላይ ሙሉ ማራቶን። እሱ አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ ኦሎምፒክ የገባው 1.5 ዋና፣ 40 ብስክሌትና 10 ሩጫ ነው። የዚያ ግማሽ ደግሞ ስፕሪንት ይባላል፤ 750 ሜትር፣ 20 እና 5። 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ለባሕር ዳር ልጅ ወሬም አይሆን።

«ሐበሻ ለሩጫ እንጂ ለውሃ አልተፈጠረም።» ይህን የሚለኝ ሰው በደንገል ታንኳ ጣና ላይ የሚውሉ ሰዎችን እያየ ያደገ ነው። የጎደለን ገንዳና አሠልጣኝ ነው። እኔ ራሴ ሐይቁ ዳር አድጌ በደንብ መዋኘት የተማርኩት በ26 ዓመቴ ነው፤ ያውም የመጀመሪያውን ሁለት ወር አፌን ውሃ ውስጥ ነክሬ ትንፋሽ ማውጣት ብቻ ስለማመድ።

«በላብሽ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትጠጪ።» እጠጣለሁ። ይኸው አለሁ።

«ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ…» ይቺን አልመልስም።

«በጾም ስፖርት አይሠራም።» ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ 15 ቀን ነው። ጠዋት ቀለል ያለ ሩጫ ብቻ እሮጣለሁ፣ ከበድ ያለውን ከተበላ በኋላ ወደ ማምሻው አዞረዋለሁ። ሽሮም ምስርም ፕሮቲን አላቸው።

አሁን ወደ ብርዱ።

ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው። ቫይረሱ ከሰው ነው የሚተላለፈው፣ ከደመና አይወርድም። ክረምት ላይ የሚበዛበትን ምክንያት ማየት የሚፈልግ ሰው ሐምሌ ላይ ታክሲ ይሳፈር። ጠብታ ገባ ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል፣ ከኋላ አንዱ ያስላል፣ አሥራ ምናምን ሰው የሱን ትንፋሽ ተካፍሎ ይሄዳል። ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ማስነጠስ ሲጀምር ግን ማንም አጠገቡ ሲያስል የነበረውን ሰውዬ አያስታውስም፤ የሚከሰው ከታክሲ ወርዶ እቤቱ እስኪደርስ ያረፈበት ካፊያ ነው። እኔ ብቻዬን ቤዛዊት ዳገት ላይ ስሮጥ ማን ነው ጉንፋን የሚያስይዘኝ?

ረጥቦ መቆም ይበርዳል፣ እሱን አልክድም። ስትሮጡ ሰውነታችሁ ይሞቃል፣ ስትቆሙ ግን እርጥቡ ልብስ ሙቀታችሁን ይስበዋል። ስለዚህ ልምምድ ጨርሳችሁ በር ላይ ወሬ አትጀምሩ። ደረቅ ቲሸርት በፌስታል ይዛችሁ ውጡ፣ ወዲያው ቀይሩ። በቃ፣ መድኃኒቱ እሱ ነው።

አሞክሳሲሊኑንስ? አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። የሐኪም ማዘዣ አምጡ ስላቸው ይቆጡኛል፣ «እስቲ ይቺ ደግሞ» ብለው ወጥተው ከሌላ ቦታ ይገዛሉ። በሳምንቱ ይድኑና መድኃኒቱን ያመሰግናሉ። ጉንፋን እኮ ዝም ብትሉትም በሳምንት ይለቃል!

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን «ብርድ» በሚለው ቃል ሥር የሚደበቀው ነገር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ በዚህ ከፍታ ወባ አለ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ይብሳል። አምና መስከረም መጨረሻ ላይ አብሮኝ የሚሠለጥን ልጅ «ብርድ ብርድ ይለኛል» አለ። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ብስክሌት ስንነዳ ዝናብ አበስብሶን ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም። እናቱ ፌጦ በሎሚ አጠጡት፣ ጋቢ ደራርበው አስተኙት። እኔም ፋርማሲስቷ ስልክ ደውዬ «እረፍ፣ ይሻልሃል» አልኩት። አራት ቀን ተንዘፈዘፈ። በአምስተኛው ቀን ደግፈን ወሰድነው፣ ደሙ ሲታይ ፋልሲፓረም የሚባለው ከባዱ የወባ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ዳነ፣ ግን እስከ ኅዳር ድረስ ደረጃ መውጣት እንኳ ያደክመው ነበር። ስለዚህ በዚህ ከተማ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ መጀመሪያ ምርመራ ነው፣ በዚያው ቀን። ፌጦው ይደርሳል።

ሲያመኝ እሮጣለሁ ወይ ለምትሉ፦ አፍንጫዬ ብቻ ከሆነ ቀስ ብዬ እሮጣለሁ። ትኩሳት ካለ፣ ደረቴን ከያዘኝ ወይም ሰውነቴን ከቆረጣጠመኝ ጫማውን አልነካውም። ትኩሳት ላይ ልብን ማስጨነቅ ቀልድ አይደለም።

ደግሞ የሚገርመኝ፣ ካፊያውን ሽሽት ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር የምትጠለሉት ነገር ነው። ሊፈራ የሚገባው መብረቁ ነበር። ብልጭታውን ስታዩ ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ በግምት 1 ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳትደርሱ ካንጎዳጎደ ውሃ ውስጥ ያለ ይውጣ፣ ሜዳ ላይ ያለ ቤት ይግባ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። እኔ ጠዋት ጠዋት የምወጣው ጎበዝ ስለሆንኩ ሳይሆን ከባዱ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሚመጣ ነው። ብስክሌት ላይ ደግሞ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅም፣ ፍሬንም ሲረጥብ ዘግይቶ ነው የሚይዘው። አንዴ በግንባሬ ሄጄ ተምሬዋለሁ።

«ክረምት ላይ ዝናቡ ሐይቁን ስለሚያጥበው ያኔ ነው መዋኘት» የሚሉም አሉ። የሚታጠበውስ ከተማው ነው፤ እጣቢው ነው ሐይቁ የሚገባው። ግልገል አባይ፣ ጉማራና ርብ ደግሞ የገበሬውን አፈር ይዘው ይመጣሉ። ለዚህ ነው እስከ መስከረም ሆቴል ገንዳ ከፍዬ የምዋኘው። ቢልሃርዚያውም፣ ከውሃ የሚይዘው የትል በሽታ፣ አለ። ትሉ የሚወጣው ዳር ላይ፣ ሣርና ቄጠማ ባለበት ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ነው፣ በቆዳ ነው የሚገባው፤ ውሃው ጠራ ደፈረሰ ብሎ ነገር የለም። «ቀድሜ ፕራዚኳንቴል ልዋጥና ልግባ» የሚሉኝ ደንበኞች አሉኝ። መድኃኒቱ ከያዘ በኋላ የሚያክም እንጂ የሚከላከል አይደለም። እኔ ሐይቅ ስገባ በጀልባ ከዳር ርቄ ነው የምገባው፣ ከወር ተኩል በኋላ ደግሞ ሰገራ እመረመራለሁ።

የዘንድሮው ዕቅዴ ይኸው ነው። ኅዳር ላይ ስፕሪንቱን፣ ዋናውን ገንዳ ውስጥ አድርጌ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሙሉውን የኦሎምፒኩን ርቀት፣ 1.5 ኪሎ ሜትሩን ዋና ጣና ላይ፣ አባይ ከሚወጣበት በኩል ሳይሆን በሌላው፤ አባይ መውጫው ጋ ጉማሬ አለ፣ ከሱ ጋር ክርክር የለኝም። አራት ነን፣ ልጁም አገግሞ ተመልሷል። አጠገባችን የሚቀዝፍ ባለጀልባም ተገኝቷል። እሺ ብሏል፣ ሒሳቡ ላይ ግን ገና አልተስማማንም።