ወጌሻና የአጥንት ስብራት በወሎ

ከደላንታ እስከ ላስታ ያለው የወሎ ደጋ ገደልና ቁልቁለት የበዛበት አገር ነው። እጁ ወይም እግሩ የተሰበረ ሰው ብዙ ጊዜ ከጤና ጣቢያ በፊት ወጌሻ ዘንድ ይደርሳል። ወጌሻ ቅርብ ነው፤ ቤተሰቡም ያውቀዋል፤ ሙያውን ከወላጁ የወረሰ ነው። ውልቃት ይመልሳል፣ ወለምታ ያሻል፣ ስብራቱን በእጁ ዳስሶ ካቃና በኋላ በቀርከሃ ፍልጥና በጨርቅ ያስራል።

ጥገናው የሚሰምረው አጥንት ራሱን የሚጠግን ሕያው አካል ስለሆነ ነው። መጀመሪያ በስብራቱ ዙሪያ ደም ይቋጠራል፣ ቦታውም ያብጣል። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ልም አጥንት የመሰለ ለስላሳ አካል ሁለቱን ጫፎች ያያይዛል፤ ቀስ በቀስም ካልሲየም እየገባበት ይጠነክራል። የእጅ አንጓ 6 ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፤ የአዋቂ ሰው ጭን ግን ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። ሕፃናት ይፈጥናሉ። ቀርከሃውም ሆነ ጀሶው የሚያገለግለው አጥንቱ በዚህ ጊዜ እንዳይንቀሳቀስ ነው።

አደጋው ያለው ማጥበቁ ላይ ነው። የተሰበረ ቦታ ከታሰረ በኋላም ማበጡን ይቀጥላል፤ እስሩ ካልላላ ደም ወደ ጣቶች መድረስ ያቅተዋል፣ ጡንቻም በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ከስብራቱ የባሰና የማያስተኛ ሕመም፣ ጣት ሲዘረጋ የሚብስ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ፣ መጥቆር። «የጥገናው ሕመም ነው፣ ቻለው» እየተባለ ልጅ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል። እስሩ ወዲያውኑ መፈታትና ልጁ ሆስፒታል መሄድ ሲገባው አንድ ሌሊት መዘግየቱ እጁን ሊያሳጣው ይችላል። በአገራችን ሆስፒታሎች ሕፃናት እጅና እግራቸውን ከሚያጡባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው በጥብቅ እስር የሚመጣ ጋንግሪን (ደም ያጣ አካል መሞት) ነው። ቆዳ ቀዶ የወጣ አጥንት ደግሞ ከመጀመሪያውም የወጌሻ ጉዳይ አይደለም፤ ቁስሉ መታጠብና መድኃኒት ማግኘት አለበት።

የአረጋውያን ስብራት ሌላ ነገር አለበት። አጥንት እስከ 30 ዓመት ገደማ ይዳብርና በኋላ ቀስ በቀስ ይሳሳል፤ ሴቶች ወር አበባ ካቆሙ በኋላ መሳሳቱ ይፈጥናል። የአጥንት መሳሳት አያምም። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው እናት ደጃፍ ላይ አዳልጧቸው በእጃቸው ሲመክቱ አንጓቸው ሲሰበር፣ ወይም ቁመታቸው አጥሮ ሲጎብጡ ነው። ጉብጠቱን ሁሉ ለእርጅና መስጠት ልማድ ቢሆንም፣ አንዳንዱ የጀርባ አጥንት ስብራት ነው። ወተት፣ ጤፍና ጎመን ካልሲየም፣ የደጋው ፀሐይ ደግሞ ቫይታሚን ዲ ይሰጣሉ። ሽክም ተሸክሞ ዳገት መውጣት የለመደ አጥንትም ከተቀማጩ ይጠነክራል።

ከሁሉ የሚከፋው የዳሌ ስብራት ነው። ታስሮ አይድንም፤ አብዛኛው ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ ለዚህም ከየወረዳው ወደ ደሴ ሪፈር ይጻፋል። ሽማግሌ ወይም አሮጊት ለሳምንታት ከተኙ የአልጋ ቁስል፣ የእግር ደም መርጋትና የሳንባ ምች ይከተላሉ፤ ብዙዎችን የሚገድለውም ይኸው ነው።