ቻው ፕራያ እና የባንኮክ የምሽት ጀልባ ሽርሽር

ቻው ፕራያ የታይላንድን መዲና ባንኮክን አቋርጦ ወደ ታይላንድ ባሕረ ሰላጤ የሚፈስ ታላቅ ወንዝ ሲሆን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በላዩ በጀልባ መንሸራሸር ከከተማዋ በጣም ከታወቁ ልማዶች አንዱ ነው። ፒንግና ናን የተባሉት ወንዞች ናኮን ሳዋን ላይ ከሚገናኙበት ቦታ ጀምሮ 372 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ለሕክምናም ሆነ ለንግድ ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ የሚመላለሰው ወገናችን ብዙ ነው፤ ስለ ወንዙ በአማርኛ የተጻፈው ግን ጥቂት በመሆኑ ይህ ዳሰሳ ተዘጋጅቷል።

ተሳፋሪው ብዙውን ጊዜ ልብ የማይለው ነገር ቢኖር፣ ጀልባዎቹ በብዛት የሚመላለሱበት የወንዙ ክፍል በሰው እጅ የተቆፈረ መሆኑ ነው። የቀድሞው ወንዝ ወደ ምዕራብ ዞሮ ይጠማዘዝ ነበር። የያኔዋ መዲና ወደነበረችው ወደ አዩትያ የሚወጡ መርከቦችን መንገድ ለማሳጠር በንጉሥ ቻይራቻ ዘመን፣ በተለምዶ እንደሚባለው እ.ኤ.አ. በ1542፣ አቋራጭ ቦይ ተቆፈረ። ውሃው አቋራጩን እየሸረሸረ ሲያሰፋው ዋናው ወንዝ ሆነ፤ አሮጌው መንገድም ዛሬ ባንኮክ ኖይና ባንኮክ ያይ የተባሉት ቦዮች ነው። «ባንኮክ» የሚለው ስም «ማኮክ» ከተባለው የፍሬ ዛፍ መጣ የሚሉ አሉ፤ ደሴት ከሚል ቃል ነው የሚሉም አልጠፉም።

አዩትያ እ.ኤ.አ. በ1767 በበርማ ጦር ከወደመች በኋላ ንጉሥ ታክሲን መንበሩን በምዕራቡ ዳርቻ በቶንቡሪ አቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ1782 ንጉሥ ቀዳማዊ ራማ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ አሻገረው። ታላቁ ቤተ መንግሥትና ዋት አሩን የተባለው ቤተ መቅደስ ዛሬም በወንዙ ግራና ቀኝ የሚተያዩት በዚህ ምክንያት ነው። የዋት አሩን ታላቅ ማማ በዳግማዊ ራማ ተጀምሮ በሣልሳዊ ራማ ዘመን የተፈጸመ ሲሆን፣ ቁመቱን አንዳንዶች 67 ሜትር፣ ሌሎች ከ80 ሜትር በላይ ያደርጉታል። ቀረብ ብሎ ላየው ግድግዳው በስባሪ ሸክላና ዛጎል አበቦች ተሸፍኗል፤ ስባሪዎቹም የቻይና መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ ጭነው ያመጧቸው ናቸው ይባላል። ስሙ «የንጋት ቤተ መቅደስ» ቢሆንም ውበቱ የሚገለጠው ፀሐይ ከጀርባው ስትወርድ ነው።

ከዚያ ወደ ደቡብ ያለው ዳርቻ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መዝገብ ነው። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1820 የቆንስላ መሬት ተሰጣቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1855 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የቦውሪንግ ስምምነት የሩዝ ንግዱን ለዓለም ከፈተው። ከተማዋ እስከዚያ ድረስ የምትንቀሳቀሰው በጀልባ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የተሠራው የቻሮን ክሩንግ መንገድ የውጭ አገር ቆንስሎች በፈረስና በሠረገላ የምንሄድበት የለንም ብለው በመጠየቃቸው የመጣ ነው። ኦሪየንታል ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1876፣ አሮጌው የጉምሩክ ቤት በ1888 ከወንዙ ፊት ቆሙ። በዚያው በ1888 የተመሠረተው የሲሪራጅ ሆስፒታል፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆስፒታል፣ ከላይ በኩል በባንኮክ ኖይ ቦይ አፍ ላይ ይገኛል። የምሥራቅ እስያ ኩባንያ የመጋዘን ስፍራ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኤሺያቲክ የተባለ የምሽት ገበያ ሆኗል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መኪና ሲበዛ ብዙዎቹ ቦዮች ተደፍነው መንገድ ሆኑ።

ዛሬ ለብዙዎች ሽርሽሩ የሚጀመረው ከሳቶን መሳፈሪያ ነው፤ የከተማው ባቡር ሳፓን ታክሲን ጣቢያ አጠገቡ ነው። ቡፌና ሙዚቃ ያላቸው ትልልቅ መርከቦች ሁለት ሰዓት ያህል ያዞራሉ፤ ቀድሞ ሩዝ ያመላልሱ የነበሩ የእንጨት ጀልባዎችም ለእራት ተሰናድተዋል። ይሁን እንጂ ወንዙን በእውነተኛ መልኩ የሚያሳየው ብርቱካናማ ባንዲራ የሚያውለበልበው የሕዝብ ጀልባ ነው። ረዳቱ ከኋላ ቆሞ በፉጨት ለነጂው ምልክት ይሰጣል፤ ጀልባው ማረፊያውን ገጭ ሲያደርግ ገመዱን በአንድ እጁ ይጠመጥማል፤ ተሳፋሪውም በጥቂት ሴኮንዶች ወርዶ ይወጣል። በጀልባው ውስጥ ለመነኮሳት የተለየ መቆሚያ አለ። ፀሐይዋ በኅዳር ከቀኑ 11 ሰዓት ከ45 ገደማ፣ በሐምሌ ደግሞ ወደ 12 ሰዓት ከ50 ስለምትጠልቅ ከዚያ አንድ ሰዓት ቀድሞ መሳፈር ይበጃል።

በዚያ ሰዓት በጎታች የሚሳቡ አሸዋ የጫኑ ጀልባዎች ተያይዘው ያልፋሉ፤ በመካከላቸውም የጣናን ሰው የሚያስመርረው እንቦጭ በክምር ይንሳፈፋል። ተክሉ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለጌጥ ከጃቫ የመጣ ነው። የባሕሩ ውሃ ሲሸሽ ክምሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ በበጋ ባሕሩ ሲሞላ ደግሞ ያው ክምር ጀልባውን ተከትሎ ወደ ላይ ይመለሳል።