ሥር የሰደደ የዓይን ሕመምና የሥነ ልቦና ክብካቤ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የዓይን ሕመም የዓይን ብቻ ጉዳይ ነው፤ ጠብታውና ቀዶ ሕክምናው ይበቃል።»

የዓይን ነርቭን የሚጎዳውን ሕመም፣ ግላኮማን፣ ብቻ ማየት ይህን አባባል ለመመርመር በቂ ነው። በግላኮማ የተጎዳ የዓይን ነርቭ ስለማያገግም፣ በየቀኑ፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜ ልክ የሚደረገው ጠብታ የቀረውን እይታ ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ታማሚው መሻሻል ሳያይ፣ አንዳንዴም ዓይኑን እያቃጠለው፣ በጽናት እንዲቀጥል ይጠበቅበታል፤ ድብርት ደግሞ ይህንኑ ጽናት ያዳክማል። ስለዚህ ጠብታውን ያቋረጠን ሰው በቸልተኝነት ከመውቀስ በፊት ስለ ስሜቱ መጠየቅ የሕክምናው አካል ሊሆን ይገባል።

«እይታው የሚደክም ሰው ማዘኑ አይቀርም፤ ሕክምና አያስፈልገውም።»

ማዘኑስ አይቀርም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚዘልቅ፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን የሚያዛባ፣ ደስታን የሚነሳ ድብርት ግን የሚታከም ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ማኩላቸው (በዓይን የኋላ ክፍል ጥርት ያለ እይታ የሚሰጠው ቦታ) በዕድሜ ምክንያት የተጎዳ፣ ለድብርት የተጋለጡ አረጋውያንን በሁለት ቡድን ከፍሎ ተከታትሏል። ሁለቱም ቡድኖች በቀረ እይታ የመጠቀም ሥልጠና ሲያገኙ፣ አንደኛው የሚወዷቸውን ተግባራት በትንንሽ እርምጃ እንዲቀጥሉ የሚያግዝ ሕክምና ተጨመረለት። ከ4 ወር በኋላ በዚህ ቡድን ድብርት የያዛቸው 13 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በሌላው ቡድን ግን 23 በመቶ ገደማ ነበሩ።

«የሌለ ነገር የሚያይ ሰው አእምሮው ታውኳል።»

ከሁሉም በላይ ሊታረም የሚገባው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ብዙዎች «አበደ» እንዳይባሉ ፈርተው ጉዳዩን ከሐኪማቸውም ይደብቃሉ። የጄኔቫው ሊቅ ሻርል ቦኔ እ.ኤ.አ. በ1760 ስለ አያቱ ሲጽፍ፣ አያቱ በዓይን ሞራ ምክንያት እይታቸው ቢደክምም አእምሯቸው ጤነኛ እንደነበረ፣ ይሁንና ሰዎችን፣ ወፎችንና ሕንጻዎችን ያዩ እንደነበር መዝግቧል። ሁኔታው ዛሬ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። ከዓይን የሚደርሰው መረጃ ሲቀንስ አንጎል ራሱ ምስል ይፈጥራል፤ ታማሚውም ብዙውን ጊዜ ምስሉ እውን እንዳልሆነ ያውቃል። ሌላ መንስኤ አለመኖሩ በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ይህንኑ በጥሞና ማስረዳት ብቻውን ታላቅ እፎይታ ይሰጣል።

«የሥነ ልቦና ሕክምና የጀመረ ሰው የዓይን ሐኪሙን አያስፈልገውም።»

አንዱ ሌላውን አይተካም። እንዲያውም አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች፣ የዓይናቸው የፈሳሽ መውጫ በጠበበ ሰዎች ላይ ድንገተኛ የዓይን ውስጥ ግፊት መጨመር ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ ታማሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ለሁለቱም ባለሙያዎች ማሳወቅ ይኖርበታል።